የአያ ታከለን እርከን ማን ሠራው?

ዛሬ የአያ ታከለ ገብስ ሳይሸጥ ቀረ። ገብሱ እንከን የለውም። ነገሩ የተያያዘው ከአንድ ትልቅ ኩባንያ አለቆች ቦነስ ጋር ነው። እንዴት እንደሆነ ለእኔም ገና አልገባኝም።

እዚህ መካነ ኢየሱስ ከገበሬ ገብስ ገዝቼ ለቢራ ፋብሪካ አቀርባለሁ። ጠዋት አያ ታከለ ገብሳቸውን አምጥተው ሳለ፣ የፋብሪካው ባለሙያ አዲስ ቅጽ ይዞ መጋዘኔ መጣ።

"ከዘንድሮ ጀምሮ አለቆቻችን ቦነስ የሚያገኙት ገብስ የምንገዛበት መሬት አፈሩ ካልታጠበ ነው። ቦርዱ ወስኗል" አለን።

ሐሳቡን ወደድኩት። ቅጹ ግን አፈሩ እንዳይታጠብ የሚያግደውን እርከን የሠራውን የአንድ ገበሬ ስም ይጠይቃል።

"የማሳዎን እርከን ማን ሠራው?" አላቸው አያ ታከለን።

"አገሩ።"

"አንድ ስም ነው የሚፈለገው፣ አባቴ።"

"ጥር ላይ አገር ምድሩ ወጥቶ ነው የሠራው። እኔ ያን ቀን የጎረቤቴ ማሳ ላይ ነበርኩ። በሰው ላብ ልፈርም?"

"ስም ከሌለ መግዛት አልችልም።"

"እንግዲያው የአለቃህን ስም ጻፈው። ጥር ላይ ግን አካፋውን ይዞ ይምጣ።"

ባለሙያውም አብሮን ሳቀ። ገብሱን ግን ሳይጭን ሄደ።

የነቀዘ ገብስ፣ የረጠበ ገብስ ሲመለስ አይቻለሁ። እርከኑን ብዙ ሰው ስለሠራው የተመለሰ ገብስ ግን ዛሬ ገና አየሁ።

ስማዳና ጋይንት ያላችሁ ነጋዴዎች፣ ይህ ቅጽ ደርሷችኋል? እዚያ መስመር ላይ የማንን ስም ጻፋችሁ? አያ ታከለ ነገ መልሱን ሊጠይቁኝ ይመጣሉ።