ሞተር ያልለመድኩበት ዓመት

ሳይክል እንኳ ነድቼ አላውቅም ነበር። ልጅ ሳለሁ የፍኖተ ሰላም ወንዶች በሰዓት ተከራይተው አስፋልቱ ዳር ሲነዱ ቆሜ ከማየት በቀር መሪውን ነክቼ አላውቅም። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ላይ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የገጠር ትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር አድርጎ መደበኝ። ምደባውን ደስ ብሎኝ ተቀብዬ ስወጣ ነው ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ሥር የቆመችውን፣ ለሱፐርቫይዘሩ የተመደበችውን ሞተር ሳይክል ያስተዋልኳት። የደረሱኝ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ከቡሬ መንገድ ተገንጥለው ወደ ውስጥ የሚገቡ፣ በእግር ደርሶ መልስ የማይሞከሩ ነበሩ።

ቦታውን የፈለግኩት ለስሙ አይደለም። መምህር ነበርኩና የጠመኔ ብናኝ ደረቴን ዘግቶት አንድ አንቀጽ አንብቤ ሳልጨርስ ሳል ያጣድፈኝ ነበር። ጤና ጣቢያ ያየኝ ሰው "ከቻልሽ ከሰሌዳ ራቂ" ብሎኛል። ሌላ መራቂያ መንገድ አልነበረኝም።

ያለማመዱኝ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ናቸው፤ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ኳስ ሜዳው ላይ እንገናኛለን። ነጠላዬን ጎሉ ላይ እሰቅልና ከቀሚሴ ሥር የታጠቅሁትን የወንድሜን ሱሪ አጠባብቄ እወጣለሁ።

"በግራ እጅሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልሽ ልቀቂ፤ በቀኝሽ ነዳጁንም ቀስ እያልሽ ስጪ" ይሉኛል።

እጆቼ ሁለቱን አስማምተው መሥራት አልቻሉም። ወይ ሞተሯ ታጓራና ትጠፋለች፣ ወይ እንደ ደነበረ በቅሎ ተፈናጥራ ትጥለኛለች። ስወድቅ ሜዳው ዳር የተቀመጡት ሰዎች አይስቁም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ከንፈር እየመጠጡ ያዩኛል። አንዲት ሴትዮ ለጎረቤቷ "ምነው ይችን ልጅ ቢተዉአት" ስትል ሰምቻለሁ።

አንድ እሁድ ከባሕር ዛፍ ጋር ተላተምኩ።

"ዓይንሽ ወዴት ነበር?" አሉኝ ሾፌሩ እያነሱኝ።

"ወደ ዛፉ። እንዳልመታው ፈርቼ።"

"እሱን ስላየሽ ነው የመታሽው። ጎማው ዓይን ይከተላል። መሄጃሽን እይ።"

"ገብቶኛል ጋሼ። ሰውነቴ ነው እምቢ ያለኝ።"

ሾፌሩ የተጣመመውን መሪ በጉልበታቸው ይዘው አቃኑት።

በጋው ሲያልቅ ደረቅ ሜዳ ላይ ቀጥ ብዬ መሄድ ቻልኩ። መዞር ግን አልሆነልኝም፤ መዞሪያው ላይ ስደርስ ወርጄ ሞተሯን በእጄ አዙሬ እንደገና እነሣለሁ። በዚህ ችሎታዬ ሰኔ ላይ፣ ጽሕፈት ቤቱ የዓመት መዝጊያ ጉብኝት ስላዘዘ፣ ብቻዬን መንገድ ወጣሁ።

አስፋልቱን በልቤ እያማተብኩ ጨረስኩት። ወደ ውስጥ የሚገባው መንገድ ላይ ግን ሌሊቱን ዘንቦ ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ሆኗል። ቁልቁለቱ ላይ የኋላው ጎማ አዳለጠውና ሞተሯ በጎኗ እየተንሸራተተች ወረደች፤ እኔም አብሬያት ወረድኩ። ቦይ ውስጥ ስንቆም የጭስ ማውጫው ባቴ ላይ ተኝቷል። መቃጠሌን መጀመሪያ ያወቅኩት በአፍንጫዬ ነው።

አጠገቡ ካለው ማሳ ሲያርሱ የነበሩ ገበሬ በሬዎቻቸውን አቁመው መጥተው ሞተሯን አነሱልኝ። ከራሴ እስከ እግሬ ጭቃ ብሆንም ስለ ጭቃው ምንም አላሉም።

"ወዴት ነበር ጉዞዎ?"

"ትምህርት ቤቱ ድረስ።"

"ዛሬ እኮ ገበያ ነው። ልጆቹም የሉ፣ መምህሮቹም ወርደዋል።" ያስከፉኝ መስሏቸው "መምጣትዎ ግን ደግ ነው" አሉኝ።

ዳገቱን ሞተሯን እየገፋን አብረን ወጣን፤ እሳቸው ከኋላ፣ እኔ እያነከስኩ መሪውን ይዤ። አስፋልቱ ላይ ላስነሣት ብሞክር የተቃጠለው እግሬ ማስነሻውን መርገጥ አቃተው። እሳቸው እህል የጫነ መኪና ለምነው አስቆሙልኝ፤ እኔና ሞተሯ ጆንያው ላይ ተጭነን ከተማ ገባን።

ክረምቱ ሲጋመስ ግምገማ መጣ። ሰብሳቢው ነገሩን ለስለስ አድርጎ "የአቅም ክፍተት" አለው። እጄን ላወጣ አስቤ ተውኩት፤ ያለው ነገር ሐሰት አልነበረም። ሾፌሩ ብቻ ተነሥተው "ጊዜ ቢሰጣት" አሉ። "ሥራው ጊዜ አይሰጥም" ተባሉና ተቀመጡ። በቦታዬ ከኮሌጅ ገና የወጣ ወጣት ተተካ፤ እኔ መስከረም ላይ ወደ መማሪያ ክፍሌ፣ ወደ ሰሌዳው ተመለስኩ።

ጥቅምት ላይ ሾፌሩ የሰው ሞተር ተውሰው ቤቴ ድረስ መጡ። ጡረታ ወጥተው ነበር።

"ሜዳው ደርቋል" አሉኝ። "ነይ እንሞክር።"

"ለምን ብዬ ጋሼ? ከእንግዲህ የት ልሄድበት?"

አላስገደዱኝም። እናቴ ያቀረበችላቸውን ጠላ እየጠጡ ስለ ዘንድሮው ዝናብ ትንሽ አወሩ፣ መረቁንና ተነሡ። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ድምጿን እንዳልሰማ ብለው መሰለኝ፣ የተዋሷትን ሞተር አላስነሷትም፤ በእጃቸው እየገፏት ሄዱ።