ከጣቷ አልወርድ ያለው ትራም

ሜላኒያ ሃርቡዝ ድሮኗን አሁንም መሬት ላይ ስትፈጠፍጣት፣ ከኋላዋ የቆሙት ሰልጣኞች «ወራጅ አለ!» ብለው አውካኩ።

 እሷ የድሮኗን እይታ የሚያሳያትን መነጽር አውልቃ፣ ከታጨደው የሱፍ አበባ አገዳ መሀል ስብርባሪውን ለቀመች፤ የተጣመመውን ክንፍ በሱሪዋ ጠርጋ ኪሷ ከተተችው።

ጥፋቷ ሁልጊዜ ያው ነው። ዛፖሪዥያ ከተማ ውስጥ ዕድሜዋን ትራም፣ የከተማውን ባቡር፣ ስትነዳ ኖራለች። ትራም ነጂ ሲደነግጥ እጁ ሳያስብ የፍጥነት ዘንጉን ወደ ዜሮ ይመልሳል፤ ትራሙም ይቆማል። ድሮን ግን ኃይሉን ወደ ዜሮ ሲመልሱበት አይቆምም፤ እንደ ድንጋይ ይወድቃል። ይህን ጭንቅላቷ ያውቃል፤ የድሮኗን የኃይል ዘንግ የሚገፋው ግራ አውራ ጣቷ ግን አልሰማ አለ።

እዚህ የጦር ድሮን ማሰልጠኛ የመጣችው፣ የጠላት ድሮን የትራሞቹን ማደሪያ አቃጥሎ የሥራ ባልደረባዋን ሃፊያን ከገደለ በኋላ ነው። መዝጋቢዎቹ «ወጥ ቤት ሰው ያስፈልጋል» ቢሏት፣ «እኔ የመጣሁት ድሮን ለማብረር ነው» ብላ እስኪመዘግቧት ድረስ ከወንበሩ አልነሳም አለች።

አሰልጣኙ፣ በጦር ሜዳ ስሙ «ጃርት» የሚባለው፣ የልጇ እኩያ ነው። ወደ ጎን ጠራት።

«እትዬ ሜላኒያ፣ ነገ ፈተና ነው። ድሮኗን ከጣሏት ወጥ ቤት ነው የምልክዎ።»

«የኔን የቦርሽ ሾርባ ለጠላት ብታበሉት ይሻላል።»

«እየቀለድኩ አይደለም።»

«እኔስ መቼ ቀለድኩ? ባሌን ጠይቀው።»

ጃርት ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ሲደነግጡ ምን ያደርጋሉ?»

«አቆማለኋ!»

«እሱን ይርሱት። ሲደነግጡ ኃይል ይጨምሩ። ወደ ላይ!»

ከምሳ በኋላ ሜላኒያ የኮምፒውተር መለማመጃው ፊት ተቀመጠች። ከሰልጣኞቹ ሁሉ አብዝቶ የሚያሾፍባትን ዩኺምን ጠራችው።

«ና እስቲ፣ አንተ አፈ ሰፊ። ከኋላዬ ቁምና በድንገት አስደንግጠኝ።»

«ልብዎ ቢቆምስ?»

«ድሮኗ አትቁም እንጂ!»

ዩኺም የድስት ክዳን አምጥቶ ጆሮዋ ሥር አንኳኳው። ድሮኗ ስክሪኑ ላይ ወደቀች። ጮኸ፤ ወደቀች። ውሃ ረጫት፤ ሰደበችው፤ ድሮኗም ወደቀች። ሌሎቹ ስቀው ስቀው ሲደክማቸው ወጡ፤ እሷ ግን «ድገም» ማለቷን አልተወችም። ዩኺም ድምፁ ሲዘጋ፣ የሜላኒያ አውራ ጣት ዘንጉን ወደ ላይ መግፋት ጀመረ።

በማግስቱ ነፋስ ነበር። ድሮኗን ለፈተናው በተተከሉት ቀለበቶች መሀል አሳልፋ፣ ጣሪያው በፈረሰ ጎተራ መስኮት ልታስገባት ስትል፣ ከውስጥ የቁራ መንጋ ግር ብሎ ወጣ። ጣቷ ወደ ታች ሸተት አለ። «ወደ ላይ!» አለች ለራሷ፤ ገፋችው። ድሮኗ የመስኮቱን ጠርዝ ገጭታ፣ እየተንገዳገደች በጎተራው አናት ወጣች። ሜላኒያ አዙራ መለሰቻትና በዚያው መስኮት አስገባቻት።



«ግድግዳውን ልጠውታል» አላት ጃርት። «ግን አልፈዋል። ከነገ ጀምሮ ፈንጂ የሚያክል ክብደት የተጫነባት ድሮን ነው የሚያበርሩት።»

«ዛሬስ?» አለች ሜላኒያ፣ መነጽሩን ሳታወልቅ። «ባትሪ ተርፎ የለ? አምጣው።»