ዴልፍት ላይ ጫማችንን ያወለቅን ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ከዴንሃግ ወደ ሮተርዳም በባቡር ስንሄድ፣ ዴልፍት ላይ ባቡሩ መሬት ውስጥ ገባ። መስኮቱ ሲጨልም ልጄ «ማማ፣ ዋር ዛይን ዌ?» አለኝ፤ የት ደረስን ማለቱ ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ሐዲዱ ከቤቶቹ ጣሪያ ትይዩ፣ በድልድይ ላይ ነበር የሚያልፈው። የአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ዘመም ያለ ግንብ በመስኮት ብቅ ብሎ ሲሸሽ ይታይ ነበር። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ግንቡም እናቴም አብረው መጡ።

እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣችው እዚሁ ዴልፍት ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ ስል፣ በሁዳዴ ጾም ነው። ከዚያ በፊት በስልክ እንኳ በወጉ አንነጋገርም ነበር። እኔ ሮተርዳም ውስጥ በኪራይ አዳራሽ የምትሰበሰብ ትንሽ የወንጌላውያን ጉባኤ ውስጥ ገብቼ ነበር፤ እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ቅዳሴ ያላስታጎለች ሴት ናት። ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ስቀበላት አጥብቃ አቀፈችኝ። ስለ ሃይማኖት ግን ትንፍሽ አላለችም።

አንድ ቀን ከተማውን ላሳያት ይዣት ወጣሁ። ፀሐይ ነበረች፣ ግን አታሞቅም። በቦዩ ዳር ቢጫ አበቦች ገና ብቅ ብቅ ማለታቸው ነው። ገበያው በቅቤ ሽታ ታውዶ ሳለ እኛ በዘይት የተጠበሰ ድንች ገዝተን፣ እየተራመድን በላን። ግንቡ ሥር ስንደርስ እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ይሄ ሰክሯል እንዴ?»

«ብዙ መቶ ዓመት እንዲሁ ነው የቆመው፣ እማ።»

«እንግዲያው ቶሎ እንለፍ። ዛሬ ቢደክመውስ?»

ሳቅን። ከመጣች ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር።

ልንገባ ስንል በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ወለሉ እንደሚቀዘቅዝ በእንግሊዝኛ ነገሩን። ስተረጉምላት «የእግዚአብሔር ቤት አይደለም እንዴ?» አለች። እኔም አወለቅሁ። የድንጋዩ ቅዝቃዜ እስከ ጉልበቴ ወጣ።

ውስጡ ሰፊ፣ ነጭና ጸጥ ያለ ነው። በባለቀለሙ መስታወት የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ባሉት የመቃብር ድንጋዮች ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ግድግዳውን ዙሪያውን ቃኘችው።

«ሥዕሎቹስ?»

«ድሮ አንስተዋቸዋል።»

«ያንቺ ሰዎች?»

«አዎ፣ እንደኔ ያሉ» አልኩ።

የምትቆጣ መስሎኝ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወደ ባዶው ግድግዳ ሄደች፣ በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ግንባሯን አስነክታ ተሳለመችው።

«ነይ፣ ጸልዪ» አለችኝ።

«እንዴት አድርጌ?»

«እንደምታውቂው።»

አጠገቧ ቆሜ በራሴ ቃል ጸለይሁ። እሷ በሹክሹክታ አቡነ ዘበሰማያት ትላለች። ጨርሼ «አሜን» ስል ሹክሹክታዋን ገታች። ከዚያ ቀስ ብላ «አሜን» አለች።

ስንመለስ ክንዴን ይዛ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ዘረገፈችልኝ፤ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደታመመ። የክፍሌ በር ላይ ስንደርስ «ወደ ሃይማኖትሽ እስክትመለሺ ድረስ እጸልያለሁ። እስከዚያው ግን ደውዪልኝ» አለችኝ።

አሁን አርጅታለች፤ መንገዱን አትችለውም። አዲስ አበባ በደወልሁ ቁጥር ሳንደባበቅ እንከራከራለን፤ አንዳችንም ከሐሳባችን አልተነቃነቅንም። ያን ቀን «አሜን» ያለችው ለጸሎቴ ይሁን ለእኔ አላውቅም። አልጠይቃትምም።