ኤሌክትሪክ ማጥፋት የተማርሁበት አገር

ለትምህርት ወደ ጀርመን ስሄድ፣ ከወረታ የወጣሁት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነበር፤ ያውም ኑግ በጫነ መኪና ላይ። ክረምቱ እየገባ ስለነበር ሾፌሩ «ጉማራ ወንዝ ሳይሞላ እንሻገር» እያለ ያጣድፈናል። ይፋግ ገበያ አቡጀዲ የሚነግዱት አባቴ፣ መኪናው እስኪነሳ ድረስ አይተውት ስለማያውቁት የጀርመን ብርድ ሲመክሩኝ አመሹ።

ብርዱ እሳቸው ካሉትም ባሰ። ምስር ወጡ በርበሬ የለው፣ ሰላምታው ያልቃል ገና ሳይጀመር። ግን ትምህርቴን ጨርሼ ፋብሪካ ተቀጠርሁ፤ አከራዬ ፍራው ኤልዛም ደግ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ጠብቀው ያዙኝ።

«ሥራህ ምን ነበር ያልኸኝ?»

«የኤሌክትሪክ ማጥፊያ እሠራለሁ።»

«እንግዲያስ የክፍልህ መብራት ቀኑን ሙሉ የሚበራው ማጥፊያው ስላላለቀ ነዋ።»

እውነትም አላለቀም ነበር። የምነድፈው የትራም፣ የከተማውን ባቡር ማለቴ ነው፣ ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚቆርጥ መሣሪያ ነው፤ ጀርመኖቹ «ሹትዝ» ይሉታል። ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ማግኔት ሆኖ ሁለት መዳቦችን ያጋጥማል፤ ማግኔትነቱ ሲቀር ይለያያሉ። ችግሩ ሲለያዩ ነው፤ በመካከላቸው እሳት ይነሣል። የቤት ኤሌክትሪክ ወዲያ ወዲህ ስለሚመላለስ በመሀል ትንፋሽ ይወስዳል፣ ያኔ እሳቱ ይጠፋል። የትራሙ ግን ባንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚፈስ እረፍት የለው፤ መዳቦቹ ቢለያዩም ነበልባሉ ድልድይ ሆኖ ይቀጥላል። እኔም ያው የሚቆረጠው ኤሌክትሪክ ሌላ ማግኔት እንዲያበረታ፣ ማግኔቱም እሳቱን ወደ ላይ ገፍቶ ብረቶች መካከል እንዲቆራርጠው አደረግሁ።

በፈተናው ቀን ትልቁን ኤሌክትሪክ ለቀቁበት። ጧ ብሎ ጠፋ፤ ተጨበጨበልኝ።

«አሁን ደግሞ ትንሹን» አሉ አለቃዬ።

ትንሹ ማግኔቱን የሚያበረታ አቅም አጣ። እሳቱ ሂድ የሚለው ስላላገኘ እንደ ሰነፍ እንግዳ ተደላድሎ ተቀመጠ፤ መዳቦቼም ቀለጡ።

«ዝሆን ያባርራል፣ ዝንብ ግን አያባርርም» አሉኝ። ካላስተካከልሁት ንድፉ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው።

ስንት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ስለፋ ከረምሁና መፍትሔው ከችግሩ ወጣ። የትራሙ ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን ካልለወጠ፣ ምንጊዜም ማግኔት የሆነ ቁራጭ ብረት ጎኑ ላይ ባስቀምጥ እሳቱን ሁልጊዜ ወደ ላይ ይገፋል። አስቀመጥሁ። ትንሹም ትልቁም ጠፋ። አለቃዬ ባርኔጣቸውን አነሡልኝ፤ ፍራው ኤልዛ ኬክ ጋገሩ።

ደስታዬን ለአባቴ ልነግር በደብዳቤ ተቀጣጥረን፣ ባሕር ዳር ስልክ ቤት ድረስ መጡልኝ።

«ምን ሠርተህ ነው እንዲህ ደስ ያለህ?»

«ኤሌክትሪክ የሚያጠፋ መሣሪያ ነው አባባ።»

«እኛ ገና የሚበራ አላገኘንም፤ አንተ ማጥፊያውን ሠራህ?»

ሁለታችንም ሳቅን፤ መስመሩን ያገናኘችው ልጅም ስትስቅ ሰማኋት።

«መቼ ትመጣለህ ታዲያ?»

«አላህ ካለ እመጣለሁ፤ ግን ሥራዬ ያለው ኤሌክትሪክ ካለበት ነው።»

«እናትህ ያለችው ወረታ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው።