ያሳጠርኩት ዓረፍተ ነገር

ባለፈው ማክሰኞ ከኢታንግ ወደ ጋምቤላ ስንመለስ፣ ከአዲስ አበባ በቅርቡ የተመደበችው የሥራ ባልደረባዬ መኪናው ውስጥ ስልኳን ወደ እኔ አዞረች። «ዘይነባ፣ ባሮ ውስጥ መታጠብ ይቻላል እንዴ? ይኸው እዚህ ይላል» አለችኝ። ተቀብዬ አነበብኩት። «ባሮ እንግዳውን በቀዝቃዛ ውሃው ይቀበላል፤ የአሮጌው ወደብ ደረጃዎች ለመታጠብ የተመቹ ናቸው።» ገጹን አይቼው አላውቅም፤ ከላይ የሆቴል ማስታወቂያ ይብለጨለጭበታል። ዓረፍተ ነገሩን ግን አወቅሁት። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በሃያ ዓመቴ። ደነገጥኩ። ሰኔ ገብቷል፤ በመንገዱ ዳር ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች ክምራቸው አንሷል፤ በስተምሥራቅ፣ በደጋው በኩል፣ ሰማዩ ጠቁሯል።

ያኔ ኮሌጅ ውስጥ ለድረ ገጽ መጻፍና ገጽ ማሰናዳት እንማር ነበር። አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩን፤ ሦስቱ ደስ ሲላቸው ብቻ የሚነሡ። ሙቀቱ ኪቦርዱን ሳይቀር ያልበዋል፤ መብራት ሲጠፋ ሁላችንም ወጥተን ከኒም ዛፉ ሥር እንቀመጣለን። አባቴ ከወሎ መጥቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። እኔ እዚያው ተወልጄ ባድግም ወንዙን የማውቀው ከድልድዩ ላይ ሆኜ ነበር። በአማርኛዬ ግን ማንም አይደርስብኝም ባይ ነበርኩ፤ መቼም ሃያ ዓመት የማያስብለው ነገር የለም።

መምህራችን ከተማችንን ለእንግዳ የሚያስተዋውቅ ገጽ ሁለት ሁለት ሆነን እንድንሠራ አዘዘን። «አንባቢ ትዕግሥት የለውም» ይል ነበር። «የሚስበውን ከላይ፣ የቀረውን ከታች! ረጅም ዓረፍተ ነገር እንዳላይ!» እኔ ከኦሞድ ጋር ተመደብኩ። ኦሞድ አኙዋክ ነው፤ አጎቱ ባሮ ላይ ዓሣ ያጠምዳል፤ እሱም ያደገው ጀልባዋ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። አማርኛን የተማረው ግማሹን ከትምህርት ቤት፣ ግማሹን ከቤተ ክርስቲያን ነበር። ከገጹ አናት ላይ እንዲገባ ብሎ በእጁ የጻፈውን ወረቀት አመጣልኝ፤

«ሰው ሆይ፣ ውሃው ቡናማ ከሆነ አትግባ። እዚህ ዝናብ የለም ብለህ አትግባ፣ ዝናቡ ደጋ ላይ ነው። አዞ አንተን ያያል፣ አንተ እሱን አታይም። ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ቦታ ብቻ ግባ፣ እነሱ ያውቃሉ።»

ሳቅሁ። «ኦሞድ፣ ይሄ ማስታወቂያ ነው ስብከት?» አልኩት። ሁሉንም «ጥንቃቄ ያድርጉ» በሚሉ ሁለት ቃላት ተካሁትና ከፎቶዎቹ በታች፣ ከገጹ ግርጌ አስቀመጥኩት፤ አናቱ ላይ ስለ ባሮ ቀዝቃዛ ውሃ የጻፍኩትን የራሴን ዓረፍተ ነገር አደረግኩ።

«ዘይነባ፣ እኛ አናነበውም» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኛ እናውቃለን። የሚያነበው የማያውቅ ሰው ነው።»

«ልክ ነህ፤ ግን ረጅም ነው» አልኩት።

ወረቀቱን አጥፎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። መምህራችን ገጹን ወደደው፤ ኢንተርኔት ላይም ጫንነው።

ሐምሌ ላይ ኮሌጅ ተዘጋና አባቴን ሱቅ ውስጥ እረዳ ጀመር። ከተማው ላይ ጠብታ ያልወረደበት፣ አየሩ የታፈነ ከሰዓት በኋላ ነበር። ለኩሌ የስደተኞች ጣቢያ ዕቃ ያመጣ አንድ ወጣት ሹፌር ገብቶ ሳሙናና ነጠላ ጫማ ገዛ። ፊቱ በአቧራ ተሸፍኖ ጥርሱ ብቻ ይታያል።

«እህቴ፣ አሮጌው ወደብ በየት በኩል ነው? ሙቀታችሁ ገደለኝ፤ ልታጠብ ነው» ብሎ ስልኩን አሳየኝ። የእኛ ገጽ ነበር። ጽሑፌ ከላይ ወጥቷል፤ ፎቶው ግማሹ መጥቷል፤ ከዚያ በታች ኔትወርኩ አልጎትት ብሎ ባዶ ነው።

ደስታዬ እስካሁን ያሳፍረኛል። «እኔ እኮ ነኝ የጻፍኩት!» አልኩት።

«እጅሽ ይባረክ!» አለኝ።

ሳሙናውን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ እስከ በሩ ወጥቼም መንገዱን በእጄ አመለከትኩት።

አባቴ ከመስጊድ ሲመለስ ጫማውን እያራገፈ፣ «ባሮ ደፍርሷል፤ ደጋው ላይ ሳይዘንብ አልቀረም» አለ። ክው አልኩ። ሱቁን ጥዬ ሮጥኩ። ኦሞድን አጎቱ ቤት ደጃፍ መረብ ሲጠግን አገኘሁት፤ ነገሩን ሳልጨርስለት ተነሥቶ ቀደመኝ።

ደረጃው ላይ ሱሪና ሸሚዝ በሥርዓት ታጥፈው ተቀምጠዋል። ሳሙናው ከነወረቀቱ ነው። ወንዙ ቅጠልና አረፋ ይዞ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ከላይ በኩል ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ውሃውን ትተው ዳር ቆመዋል። አንዷ ለኦሞድ በቋንቋቸው ስትነግረው ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር ተረጎመልኝ፤ «ጮኸንበት ነው የሚሉት። እሱ ሰላም ያሉት መስሎት እጁን አነሣላቸው።»

የኦሞድ አጎትና ጓደኞቹ ሦስት ቀን በጀልባ ፈለጉት፤ አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን ኦሞድ አጠገቤ ተቀመጠ። «ረጅም ነው ብለሽ ነበር» አለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣም። ያችን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ላቡ ፊደሉን አደብዝዞት ነበር፤ ግን ይነበባል።

ገጹን በዚያው ሳምንት አጠፋሁት፤ የጠፋ መስሎኝ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል አባቴ። ያ ዓረፍተ ነገር አጭርና ያማረ ስለሆነ ሌሎች ገልብጠውታል፤ የገለበጡትንም ሌሎች ገልብጠውታል። ባገኘሁት ቁጥር ለባለቤቶቹ እጽፋለሁ፤ አንዳንዱ ያነሣዋል፣ አብዛኛው አይመልስልኝም።

መኪናው ውስጥ ለባልደረባዬ የኦሞድን ቃል ከ«ሰው ሆይ» ጀምሬ እስከ መጨረሻው በቃሌ አልኩላት። «ውይ፣ ረዘመ!» አለች እየሳቀች። ሹፌሩን በአሮጌው ወደብ በኩል እንዲነዳ ነገርኩት። ወርደን ደረጃው ላይ ቆምን። ውሃው መደፍረስ ጀምሯል። እሷም አየችና ሳቋን ተወች።

እሷስ ጠይቃኛለች። ሳይጠይቅ ሳሙናውን ገዝቶ የሚወርደው ግን፣ ይሄኔ የት ሆኖ እያነበበኝ እንደሆነ አላውቅም።