የቆርቆሮው መንኮራኩር እና የወንድሜ ስም

እዚህ ማርቆስ ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ ፍላሽ ይዞ ወደ ቤቴ ይመጣል። የሚፈልጉት ሰው ሁሉ ያወራለትን ፊልም ነው። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ ማንም ያላየውን እሰጣቸዋለሁ። ብርሃን በኪሎ የሚሸመትባትን ከተማ የሚያሳየውን እዩ እላለሁ። «አንቺ ደግሞ! ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ብለሽ እንቅልፍ ታመጪብናለሽ» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። አንዱን ፊልም ግን ለሰው ከመስጠቴ በፊት ቆም ብዬ አስባለሁ።

የዚያ ፊልም መንኮራኩር ከጣራ ቆርቆሮ የተሠራ ነው የሚመስለው። ውስጡ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። በጣም ፈጥኖ ስለሚበር እሱ ዘንድ ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ እናቱ ቤት ዓመታት ያልፋሉ። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ያየሁት ከእማዬ ጋር ነው። ታላቅ ወንድሜ በሱዳን በኩል ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈው ነበር። አክስቴ ከአማኑኤል ከተማ እየተመላለሰች «እንግዲህ ይብቃ። ፍትሐት ይደረግለት፣ ተዝካሩ ይውጣ፤ ነፍሱ ለምን ትንከራተት?» ትላለች። ለፍትሐት ደግሞ የክርስትና ስም ያስፈልጋል፤ ቄሱ ሟቹን የሚያስቡት በዚያ ስም ነው። የክርስትና አባቱ በሕይወት የሉም። ስሙን የምታውቀው እማዬ ብቻ ነበረች። አክስቴ ቄሱን ለእሁድ ቀጠረች፤ ጠላውም ተጠመቀ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሐሳቧን እንኳ ትርሳ ብዬ ፊልሙን ከፈትኩላት። እንግሊዝኛውን እየተረጎምኩላት አየች፣ አየችና፦

«ቆይ እስቲ፣ ከወጣ ለእሱ ስንት ጊዜው ነው?» አለችኝ።

«ወር እንኳ አልሞላው።»

«እናቱስ?»

«አርጅታለች።»

«ጢሙ እኮ ገና አላደገም» አለች፣ ጣቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስራ። ፊልም ነው እኮ እማዬ ልላት ስል መብራት ጠፋ። ሲመጣም «ተይው፣ በደንብ አይቼዋለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ ቄሱ መጥተው የክርስትና ስሙን ጠየቋት።

«ይፍቱኝ አባቴ። ልጄ መንገድ ላይ ነው፤ ለእሱ ገና አልመሸም» አለች።

«ኧረ በማርያም! ለየላት!» ብላ አክስቴ ደረቷን መታች። ቄሱ ባርከውን ሄዱ፤ ጠላውን ጎረቤት ጠጣው።

የፊልሙን መጨረሻ የማውቀው እኔ ነኝ። ሰውየው ይመለሳል፣ የእናቱን በር ያንኳኳል፣ የማያውቀው ሰው ይከፍትለታል። እማዬ ይህን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት።

እማዬ ባለፈው ዓመት አረፈች። ከመሞቷ በፊት ጠጋ በይ ብላ የወንድሜን የክርስትና ስም በጆሮዬ ነገረችኝ። «ሲመጣ በእሱ ጥሪው፤ የሚያውቀው ሰው ቤት ውስጥ እንዳለ ይወቅ» አለች።

በተዝካሯ ዕለት አክስቴ ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። «በይ ልጄ፣ አሁን እንኳ ስሙን ስጪን። እናትና ልጅ አንድ ላይ ይታሰቡ» አለችኝ፤ እያለቀሰች ነበር። እኔም አለቀስኩ። ስሙን ግን አልሰጠኋትም።

አሁን ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር ያ ስም ምላሴ ላይ ይመጣል። ስከፍት ፍላሽ የያዘ ጎረቤት ነው።