የአውቶቡሱ ጩኸትና የመሪጌታ መቋሚያ

ደርግ በገዛበት ዘመን፣ አንድ ሰኔ ላይ፣ ሾፌሩ አብዱሰላም የሚነዳው አውቶቡስ ጠዋት ሲነሳ ጩኸቱ መካነ ሰላምን ይቀሰቅስ ጀመር። የሚጮኸው ቺንጋው ነበር፤ ማራገቢያውን፣ የውሃ ፓምፑንና ዲናሞውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ። አብዱሰላም ሞራ ቀባው። ጩኸቱ ጸጥ! ግን የወረኢሉን ዳገት ሳያጋምስ ራዲያተሩ ፈላ፤ ተሳፋሪውም ወርዶ በእግሩ ገባ።

ባለንብረቶቹ «ሞተሩ ወርዶ ደሴ ይላክ» አሉ። ሞተሩ ከወረደ ደግሞ ክረምቱ መንገዱን ይዘጋል፤ አገሩ እስከ መስከረም ያለ አውቶቡስ፣ አብዱሰላምም ያለ ሥራ መቅረታቸው ነው። ሞተሩ ከመውረዱ በፊት አብዱሰላም አውቶቡሱን ወደ ቢተው ወሰደው።

ቢተው የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ልጅ ነው። ቅኔውን ጀምሮ ትቶ ዘመተ፤ በጦሩ ጋራዥ መካኒክነት ተምሮ ተመለሰ።

«ሞራ ቀባኸው?»

«ዝም እንዲል ነዋ! ዝም አላለም እንዴ?»

«አፉን ነው ያፈንከው! ቺንጋው ሲንሸራተት ማራገቢያው ቆመ፤ ሞተሩን ማን ያቀዝቅዘው?»

ሞራውን በሳሙና አጥቦ አደረቀና ሞተሩን አስነሳ። ጩኸቱ ተመለሰ።

«ይኸው መጣ!» አለ ቢተው እየሳቀ።

«የሰርግ ዘፈን አስመሰልከው እኮ!»

ቢተው ቺንጋው ላይ ጥቂት ውሃ ረጨ። ውሃው ለአፍታ ዝም ካሰኘው ቺንጋው አልቋል ወይም የሚዞርባቸው መንኮራኩሮች፣ ፑሌጃዎቹ፣ አልተስተካከሉም፤ ካባሰበት ግን ላልቷል። ባሰበት! አጠበቀው። ጩኸቱ ሄደ፤ ከሥሩ ግን ገብስ በወፍጮ ድንጋይ ሲሰበር የሚመስል ጉርምርምታ ወጣ።

አብዱሰላም ፊቱ ተለወጠ። «ሞተሩ ነው! ወላሂ አለቀልኝ!»

«አብሽር፣ እንጠይቀዋለን።»

ቺንጋውን አውልቆ ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ ብቻ አስነሳ። ጉርምርምታው የለም!

«ሰማህ?» ቢተው ዘለለ። «ከሞተሩ ሆድ ቢሆን ኖሮ ያለ ቺንጋም ያጉረመርም ነበር። የታመመው ቺንጋው ከሚያዞራቸው አንዱ ነው። ሞተሩ አይወርድም!»

ግን የትኛው? ቺንጋውን መልሶ እያሰረ ሳለ አባቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አየ።

«አባ፣ መቋሚያዎን ያውሱኝ።»

«ለዚህ ጭቃ?» አሉ መሪጌታ፤ ቢሆንም ሰጡት።

ሞተሩ ተነሳ። ቢተው ከማራገቢያው እየተጠነቀቀ የመቋሚያውን ጫፍ ፓምፑ ላይ አሳርፎ የመቋሚያውን ራስ ከጆሮው ሥር ባለው አጥንት ላይ አስደገፈ። እንጨት ድምፅን አጥርቶ ያደርሳል፤ የፓምፑ ድምፅ ለስላሳ ነበር። ወደ ዲናሞው ሲያዞረው ጉርምርምታው ጭንቅላቱን ነዘረው።

«እስቲ እኔም ልስማው» አሉ መሪጌታ። ጎንበስ ብለው ሰሙና «እግዚኦ! ድምፁ የተዘጋ ደብተራ ነው!» አሉ።

«እርስዎም ጋራዥ ይክፈቱ እንጂ!» አለ አብዱሰላም።

ዲናሞው ተፈታ። ዘንጉን ያለ ችግር የሚያሽከረክረው ትንንሽ የብረት ኳሶች ያሉት ኩሽኔታ ደርቆ ተቦርቡሯል። ቺንጋውን ይዞ ያስጮኸው እሱም ነበር! ምትኩ በከተማው ጠፋ፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አራጌ ግን ለወፍጮው ያስቀመጠውን አመጣ። ቀዳዳው ግን ለዘንጉ በጸጉር ያህል ጠበበ።

አሁን ቢተው ኩሽኔታውን በትኩስ ዘይት ነክሯል፤ ብረት ሲሞቅ ይሰፋልና። ዘንጉን በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዟል። በጉጠት አንስቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እያንሸራተተ ዘንጉ ላይ እያጠለቀው ነው። ግማሽ ገብቷል። አብዱሰላም ዲናሞው ተመልሶ እንደታሰረ ሞተሩን ሊያስነሳ ቁልፉን ጨብጦ መሪው ላይ ተቀምጧል።